ከቤተ ሙከራ እስከ ሕመምተኛው ደጃፍ

(በተማሪዎች ማኅበር ወርኃዊ ስብሰባ ላይ፥ በየካ ተራራ ግርጌ፥ የሕክምና ሳይንስ የዶክትሬት ተማሪዎች ያሰሙት ንግግር)



ሊቀ መንበሩ ግማሽ ሰዓት ፈቅደውልናል። ግማሽ ሰዓት ለተናጋሪ አጭር፥ ለአድማጭ ግን ረዥም መሆኑን ስለምናውቅ በመግቢያ አናደክማችሁም። የምናቀርበው ስድስት ሆነን የመከርንበትን ነው፤ ስድስታችን ያልተስማማንበትንም አንሸሽግም።

ባለፈው ወር ስብሰባ «የሕክምና ሳይንስ የዶክትሬት ተማሪዎች ለተወሰነ ጊዜ በሆስፒታል ተመድበው ይሥሩ» የሚል ሐሳብ በቀረበ ጊዜ፥ አንድ የምናከብራቸው መምህር ብድግ ብለው፥ «የምናሠለጥነው ለዕውቀት ነው ወይስ ለክሊኒክ ተላላኪነት?» ሲሉ ጠየቁ። አዳራሹ ሣቀ። እኛም አብረን ሣቅን። ነገር ግን ጥያቄው እስከ ማደሪያችን ተከትሎን መጣ፤ ቀልድ ብቻ አልነበረምና። ዛሬ የቆምነው መልስ ለመስጠት ነው።

ዓመታቱን ሁሉ የምንጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ መዛግብቱ በዚያ ስለ ተጻፉ ነው እንጂ የራሳችንን ንቀን አይደለም።

በመጀመሪያ ስለ ስሙ ጥቂት እንበል። በውጭ አገር «ትራንስሌሽናል» የሚባለውን የሕክምና ምርምር አንዳንዶች «ተርጓሚ ምርምር» ይሉታል። ይህ ስያሜ መዝገበ ቃላት ይዞ የሚቀመጥ ሰው ያስመስላልና አልወደድነውም። እኛ «አሸጋጋሪ ምርምር» ብንለው ይሻላል ብለናል፤ የተሻለ ያለው ይንገረን። ነገሩ ይህ ነው። በቤተ ሙከራ የተገኘ አንድ ዕውቀት ሕመምተኛው ቤት እስኪደርስ ድረስ አያሌ ወንዞችን ይሻገራል። ከጠርሙስ ወደ እንስሳ፥ ከእንስሳ ወደ ጥቂት ፈቃደኛ ሰዎች፥ ከጥቂቶች ወደ ብዙዎች፥ ከሆስፒታል ወደ ጤና ጣቢያ፥ ከጤና ጣቢያ ወደ ቤተ ሰቡ መደብ። በየወንዙ መሻገሪያው ልዩ፥ ዋናተኛውም ልዩ ነው። መንገዱ ደግሞ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ አይደለም፤ ሐኪሙና ሕመምተኛው ያዩት ተመልሶ ወደ ቤተ ሙከራው ካልመጣ ተማራማሪው የሚመረምረው የራሱን ሐሳብ ብቻ ይሆናል። በአሜሪካ የብሔራዊ ጤና ተቋማት በ2006 ለዚህ ሥራ የተለየ የገንዘብ ድጋፍ ለዩኒቨርሲቲዎች መስጠት የጀመሩት፥ ባለ ብዙ ገንዘቦቹም ቢሆኑ ግኝታቸው ከወንዝ ወዲህ እየቀረ ስላስቸገራቸው ነው።

ሆኖም ለምሳሌ አሜሪካ ድረስ መሄድ አያስፈልገንም። በዚህ አገር ስለ አሸጋጋሪ ምርምር የሚናገር ሰው የሚጀምረው ከዓድዋ ነው።

በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የሠለጠኑ ወጣት ተመራማሪ ነበሩ። ወደ ዓድዋ የሄዱት ቢልሃርዝያን ለማጥናት ነው። የዚህ በሽታ ትል በውኃ ውስጥ በሚኖር ቀንድ አውጣ ሆድ ተራብቶ ይወጣና፥ በወንዝ የሚታጠበውን ወይም የሚሻገረውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ስለዚህ ቀንድ አውጣው ከጠፋ የበሽታው ሰንሰለት ይቆረጣል። ዶክተር አክሊሉ በወንዙ ዳር ሲመለከቱ፥ እናቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አገኙ። ከአጣቢዎቹ አንዷን ለምነው የእንዶድ አረፋ ሕያው ቀንድ አውጣ ባለበት ዕቃ ውስጥ ቢያስጨምሩ ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ።

ይህን ታሪክ ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል፤ አብዛኛውን ጊዜም እዚህ ላይ ይቆማል። ሳሙና፥ ወንዝ፥ የሞተ ቀንድ አውጣ፥ ጭብጨባ። ለእኛ ትምህርት የሚሆነው ግን ከጭብጨባው በኋላ የመጣው ነው።

ዶክተር አክሊሉ በ1966 የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን በዩኒቨርሲቲው መሠረቱ፤ ኢንስቲትዩቱ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። ባልደረባቸው ለገሠ ወልደ ዮሐንስ የእንዶድን ዓይነቶች ከየአገሩ እየሰበሰቡ አወዳድረው ኃይለኛውን መረጡ፤ «ዓይነት 44» የሚባለው ነው። ከ1969 እስከ 1974 በዓድዋ በተደረገው የመስክ ሙከራ ከ1 እስከ 6 ዓመት ባሉት ልጆች መካከል 50 በመቶ የነበረው ሕመም ወደ 7 በመቶ ወረደ። ይህ ከቤተ ሙከራ እስከ ከተማ የተሻገረ ሥራ ነው፤ የተሠራውም በኢትዮጵያውያን እጅና በአገር ፍሬ ነው።

ከዚህ በኋላ መንገዱ ተዘጋ። የውጭ ድርጅቶች እንዶድን ለመቀበል የመርዛማነቱ ጥናት በታወቁ ደንቦችና በታወቁ ቤተ ሙከራዎች እንዲደገም ጠየቁ። በአፍሪካ የተሠራ ጥናት በአፍሪካ ስለ ተሠራ ብቻ እንደማይታመን ዶክተር አክሊሉ በአደባባይ ደጋግመው ተናግረዋል፤ ንግግራቸውም እውነት ነበረበት። እኛ ግን አንድ ነገር ማከል እንፈልጋለን፤ በስድስታችን መካከል ክርክር ያስነሣውም ይኸው ነው። እንዶድ ዓሣንም ይገድላል። ሕዝብ በሚጠጣው ውኃ ላይ የሚጨመር ነገር ጥብቅ ጥናት ያስፈልገዋል ያለ ሰው ሁሉ ዘረኛ አልነበረም። በደሉ ጥናቱ መጠየቁ ሳይሆን፥ ጥናቱን በሚያሳምን ደንብ መሥራት የሚችል ቤተ ሙከራና ሰው በአገራችን እንዲኖር ማንም አለመርዳቱ ነው። ዓመታት በዚህ አለፉ። በመካከሉ ፕራዚኳንቴል የሚባለው የሚዋጥ መድኃኒት መጣና፥ ቀንድ አውጣውን የማጥፋት ጉዳይ ራሱ ሁለተኛ ረድፍ ላይ ወረደ። በ1989 ዶክተር አክሊሉና ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ተለዋጭ ኖቤል የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ሲቀበሉ፥ ከዓድዋው ወንዝ 25 ዓመት አልፎ ነበር። ዶክተር አክሊሉ በ1997 አረፉ።

በ1990ዎቹ ደግሞ በአሜሪካ የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ በታላላቆቹ ሐይቆች የውኃ ቧንቧ የሚዘጋውን የዚብራ ዛጎል በእንዶድ ስለ ማጥፋት የባለቤትነት መብት አወጣ። ዶክተር አክሊሉ ከፈልሳፊዎቹ እንደ አንዱ ቢሰየሙም የመብቱ ባለቤት ዩኒቨርሲቲው ነበር። የወንዝ ዳር እናቶች በዚያ ወረቀት ላይ የሉም።

እንግዲህ ለመምህራችን የምናቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ ይህ ነው። ዛሬ ከእኛ አንዱ እንዲህ ያለ ነገር ቢያገኝ፥ የመርዛማነት ጥናት ደንብ የት ይማራል? ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የሚቀርብ መዝገብ እንዴት እንደሚዘጋጅ ማን አሳይቶታል? ስለ ባለቤትነት መብትስ ለማን ይነግራል፥ መቼስ ይነግራል? በመጽሔት ካሳተመ በኋላ ከሆነ በብዙ አገር ዘግይቷል። በትምህርት ዝርዝራችን ውስጥ ለዚህ የተመደበ አንድ ሰዓት ፈልገን አላገኘንም። ስለ ስታቲስቲክስ ግን ሁለት ጊዜ ያህል አንድ ዓይነት ኮርስ ወስደናል። (ሁለተኛውን ጊዜም አልገባንም፤ ይህ ግን የእኛ ጥፋት ነው።)

አሁን ወደ ሰፈራችን እንመለስ። ከዚህ አዳራሽ ብዙ ሳይርቅ፥ በዚሁ በየካ ክፍለ ከተማ፥ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል አለ። የዓይን ሕክምናው ከአገሪቱ ዳር እስከ ዳር ሕመምተኛ ይመጣበታል። ከእኛ መካከል አንዱ የትራኮማን ባክቴሪያ ሦስት ዓመት ሙሉ በቤተ ሙከራ ሲያሳድግ የኖረ ነው። ስለ ባክቴሪያው ሽፋን ፕሮቲን ጠይቁት፥ ሌሊቱን ሙሉ ይነግራችኋል። አንድ ማክሰኞ ጠዋት በራሱ ፈቃድ ከአንድ የዓይን ሐኪም ጎን ተቀመጠ። ከገጠር የመጡ እናት ገቡ። የዓይናቸው ሽፋን ወደ ውስጥ ታጥፎ ሽፋሽፍቱ ብሌኑን ይፍቃል። ሐኪሙ ጥቂት ከመረመሩ በኋላ፥ «እናቴ፥ በምን ችለው ኖሩ?» ቢሏቸው፥ እናቲቱ የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው ወረንጦ አወጡ። ሽፋሽፍታቸውን ልጃቸው በየሳምንቱ እየነቀለላቸው ነው የኖሩት።

ጓደኛችን ያን ቀን ወደ ቤተ ሙከራ አልተመለሰም። ማታ ሲነግረን ያፈረበት ነገር፥ ስለ ወረንጦው በሦስት ዓመት ንባብ አንድም ቀን አለማሰቡ ነው። «የእኔ ጥናት የሚያበቃው ባክቴሪያው ሲሞት ነበር» አለ። «የእሳቸው ሕመም ግን የጀመረው ባክቴሪያው ከሄደ በኋላ ነው።» እርግጥ ነው፤ ጠባሳው የሚያጥፈው የዓይን ሽፋን በተደጋጋሚ መያዝ ከዓመታት በኋላ የሚመጣ ነው። ይህንን በመጽሐፍ አንብቦት ነበር። አንብቦት ነበር እንጂ አላወቀውም።

ከዚሁ ከትራኮማ ሳንርቅ፥ የምርምር መንገድ ወደ ኋላም እንደሚሄድ የሚያሳይ ሌላ ነገር አለ። በአማራ ክልል፥ በጎንቻ ሲሶ እነሴ፥ ለትራኮማ አዚትሮማይሲን ለመንደር ሁሉ ሲታደል፥ ተመራማሪዎቹ የዓይኑን ብቻ ሳይሆን የሕፃናቱንም ሞት ቆጠሩ። መድኃኒቱ በታደለባቸው መንደሮች የሚሞቱት ሕፃናት ያነሱ ሆነው ተገኙ፤ ይህም በ2009 ታተመ። ያ ግኝት ሌላ ትልቅ ሙከራ ወለደ። በኒጀር፥ በማላዊና በታንዛኒያ ተደርጎ በ2018 የታተመው ጥናት፥ መድኃኒቱን በወሰዱት ማኅበረሰቦች የሕፃናት ሞት በጠቅላላው በ13.5 በመቶ ማነሱን አሳየ። ለዓይን የወጣ ኪኒን ስለ ሕፃናት ሞት አዲስ ጥያቄ የከፈተው በጎጃም መንደሮች የሞተን ሕፃን መዝግቦ የሚይዝ ሰው ስለ ነበረ ነው። ያ መዝጋቢ «ተላላኪ» ቢባል ስሙ አይከፋም።

አሁን ወደ ላይ፥ ወደ እንጦጦ እንውጣ። በባሕር ዛፉ መካከል የሚገኘውን የቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው የለም፤ ስሙ ለብዙ ዘመን የሚጠራው ከሳንባ ነቀርሳ ጋር ነበር። መድኃኒት የተላመደውን ነቀርሳ ማከም በዚያ የተጀመረው በ2009 ነው። የዚያን ጊዜው ሕክምና 20 ወር ያህል የሚፈጅ፥ ከመርፌው የተነሣም ጆሮ የሚያደነቁር ነበር። በባንግላዴሽ ሐኪሞች ከ9 እስከ 11 ወር የሚፈጅ አጭር ሕክምና ሞክረው መልካም ውጤት አግኝተው ነበር። ነገር ግን መልካም ውጤት በአንድ አገር መታየቱና ከረዥሙ ሕክምና ጋር በዕጣ ተከፋፍሎ መፈተኑ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ስለዚህ ስትሪም የተባለው ሙከራ በኢትዮጵያ፥ በደቡብ አፍሪካ፥ በቬትናምና በሞንጎሊያ ተደረገ። በእኛ አገር ከተመረጡት ቦታዎች አንዱ ይህ የእንጦጦው ሆስፒታል ነው። 424 ሕመምተኞች ገቡበት። በ2019 የታተመው ውጤት፥ መልካም ፍጻሜ ያገኙት በረዥሙ ሕክምና 79.8 በመቶ፥ በአጭሩ 78.8 በመቶ መሆናቸውን አሳየ። አጭሩ ከረዥሙ አላነሰም ማለት ነው።

በዚህ ቁጥር ውስጥ ያለውን ሥራ አስቡት። አጭሩ ሕክምና የልብን የኤሌክትሪክ ምት ያዛባል፤ በአደገኛ መጠን የተዛባባቸው በአጭሩ 11.0 በመቶ፥ በረዥሙ 6.4 በመቶ ነበሩ። ይህን ለማወቅ በተራራው ላይ፥ መብራት በሚጠፋበት ሰዓት ሳይቀር፥ የልብ ምርመራውን በየቀጠሮው የሚያነሣ፥ መስመሩን የሚለካ፥ የተለካውንም በትክክለኛው ቅጽ የሚጽፍ ሰው መኖር አለበት። አክታውን የሚያሳድገው፥ መድኃኒቱን የሚቆጥረው፥ ሕመምተኛው ሲቀር ቤቱ ድረስ የሚሄደው፥ «ይህ መድኃኒት ይሁን ያኛው በዕጣ ነው» የሚለውን ነገር ዕጣ ማለት ቁማር ለሚመስለው አባት በሚገባው አማርኛ የሚያስረዳው ሰው ሁሉ ተመራማሪ ነው። አጭሩ ሕክምና በዚያው ሳይቆም ቀርቶ፥ መርፌው በሚዋጥ መድኃኒት ተተክቶ፥ ከ2022 ጀምሮ ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት ለብዙ ሕመምተኞች የ6 ወር ሕክምና እስከ መምከር ደርሷል። የየካና የእንጦጦ ልጆች የዚህ ሰንሰለት ቀለበት ሆነዋል። ከእኛ የዶክትሬት ተማሪዎች መካከል ግን ያን በር ያንኳኳ ስንት ነው? ስድስታችን እጃችንን አውጥተን ቆጠርን፤ አንድ ብቻ ነበር። እሱም የሄደው አክስቱን ሊጠይቅ ነው።

ከሆስፒታሉ ሳንርቅ እንጦጦ ማርያም አለች። እዚህ ላይ የምንናገረው ስለ ራሳችን ጥፋት ነው።

ታሪኩ የሚታወቅ ነው። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በኢትዮጵያ በነፃ መታደል የጀመረው በ2005 ነው። ነገር ግን አያሌ ሕመምተኞች በእንጦጦ ጠበል ተጠግተው ይኖሩ ስለ ነበር፥ ኪኒን መዋጥ በእምነታቸው ላይ ጥርጥር የሚያሳይ መስሏቸው መድኃኒቱን ይተዉ ነበር። በሽታውን የሚያስታግሰው ሞለኪውል በውጭ አገር ተሠርቶ፥ ተፈትኖ፥ ባሕር ተሻግሮ፥ እስከ ሽሮ ሜዳ ድረስ መጥቶ፥ የመጨረሻውን ዳገት መውጣት አቃተው። በ2007 ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናገሩ። ይህ ቃል በምንም ቤተ ሙከራ አልተሠራም። ነገር ግን ከሳይንሱ ደጅ ወደ ሰውየው ደጅ የተዘረጋ ድልድይ ነበር፤ የተዘረጋውም ሐኪሞችና ካህናት ቁጭ ብለው ስለ ተነጋገሩ ነው።

እኛ ይህን ሁሉ አንብበን፥ ከዓመታት በኋላ ለአንድ ኮርስ ሥራ መጠይቅ ይዘን ወደዚያው ወጣን። መጠይቁ 48 ጥያቄ ነበረው፤ ከእንግሊዝኛ ተመልሶ፥ እንደገና ወደ እንግሊዝኛ ተመልሶ፥ ደንቡን ሁሉ ጠብቆ የተዘጋጀ። «ባለፉት ሰባት ቀናት መድኃኒትዎን አቋርጠው ያውቃሉ?» እንላለን፤ «ኧረ እግዚአብሔር አያምጣው፥ አላቋረጥኩም» ይሉናል፤ እኛም «አላቋረጡም» ብለን እንጽፋለን። በሦስተኛው ቀን አንዲት እማሆይ ከደጀ ሰላሙ ሥር ተቀምጠው ሲያዩን ቆይተው፥ «ልጆቼ፥ አምናም እንደ እናንተ ያሉ ልጆች መጥተው ጽፈው ሄደው ነበር። የጻፉት የት ደረሰ?» አሉን። መልስ አልነበረንም። አንዳችን «ለዩኒቨርሲቲ ነው፥ እማሆይ» ብሎ ለማምለጥ ሞከረ። «ዩኒቨርሲቲስ ታመመ እንዴ?» አሉት።

ወረቀታችንን ጨርሰን፥ ነጥባችንን ተቀብለን ተውነው። የእማሆይ ቃል ግን አልተወንም። ከአምስት ወር በኋላ ውጤቱን በአንድ ገጽ በተራ አማርኛ ጽፈን፥ የደብሩን አስተዳዳሪ አስፈቅደን፥ ከቅዳሴ በኋላ ለተሰበሰቡት አነበብን። «ከጠየቅናችሁ መካከል አብዛኞቻችሁ መድኃኒት አታቋርጡም» ስንል አንድ ጎልማሳ እጁን አነሣ። «ጌቶቼ፥ አናቋርጥም። ግን ጠበል በባዶ ሆድ ነው የሚጠጣው፤ ስለዚህ የጠዋቱን ኪኒን ከሰዓት በኋላ ነው የምንውጠው። በጾም ቀን ደግሞ ከቅዳሴ በፊት አንቀምስም። ይህ መቋረጥ ነው እንዴ?» አለ። ብዙ ራስ ተነቀነቀ። 48 ጥያቄ ጠይቀን፥ ኪኒኑ በስንት ሰዓት እንደሚዋጥ የጠየቅንበት አንድም ቦታ የለም። ውጤታችን ሐሰት አልነበረም፤ የማይረባ ነበር። ያስተካከለልን ደግሞ አማካሪያችን ሳይሆን ውጤቱን ተመልሰን በማንበባችን የሰማነው ሰው ነው።

እንግዲህ የምንጠይቀውን እንናገር። እያንዳንዱ የሕክምና ሳይንስ የዶክትሬት ተማሪ ጥናቱን ከመምረጡ በፊት ስድስት ወር በሆስፒታል ወይም በጤና ጣቢያ ይመደብ። የሚመደበው ለማከም አይደለም፤ አይችልም፥ አይፈቀድለትምም። ለማየት፥ ለመስማት፥ የሕመምተኛን ካርድ ለማንበብ፥ ከነርሶች ጋር ለመሥራት ነው። ሁለት አማካሪዎች ይኑሩት፥ አንዱ ሕመምተኛ የሚያይ ይሁን። በሰው ላይ የሚደረግ ሙከራ ደንብ፥ የመድኃኒት ምዝገባና የባለቤትነት መብት ነገር በእርግጥ ይማር። ውጤቱን ላጠናቸው ሰዎች ተመልሶ መንገሩና የነገሩትም በመመረቂያ ጽሑፉ ውስጥ አንድ ምዕራፍ ሆኖ ይቆጠር። ለዚህ የመጨረሻው ነገር ከሁሉ አብልጠን እንሟገታለን፤ ከሌሎቹ አንዱን ብትቀንሱብን እንታገሣለን፥ ይህን ግን አንለቅም።

መቃወሚያዎቹን እናውቃቸዋለን። አንደኛው ጊዜ ነው። የዶክትሬት ዘመን አራት ዓመት ነው ይባላል፤ ስድስት ወር ከወሰዳችሁበት ምን ይቀራል? መልሳችን፥ አራቱ ዓመት አሁንም አራት አይደለም የሚል ነው። ከእኛ አንዷ ከውጭ ያዘዘችው ኬሚካል ለወራት ደጅ ሲጠና ከርሞ በመጨረሻ ሲደርስ ጊዜው አልፎበት ነበር። ሌላው ጓደኛችን የሰበሰበው ናሙና በማቀዝቀዣ ውስጥ ሳለ፥ መብራት ጠፍቶ የጄኔሬተሩ ነዳጅ አልቆ፥ የአንድ ዓመት ሥራ በአንድ ቅዳሜና እሑድ ቀለጠ። የየትኛው ተቋም ማቀዝቀዣ እንደ ሆነ አንናገርም፤ ሁሉም የራሱን ይጠርጥር። ስድስት ወር በሆስፒታል የተቀመጠ ተማሪ ቢያንስ የአገሩን መብራት አውቆ ጥናቱን ያቅዳል።

ሁለተኛው መቃወሚያ ከበድ ያለ ነው፤ ከስድስታችን ሁለቱም ይዘውታል። ሁሉም ወደ ሕመምተኛው ደጃፍ ከሮጠ መሠረታዊውን ሳይንስ ማን ይሠራዋል የሚል ነው። ለዚህ የእግር እብጠትን፥ ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለውን፥ እናንሣ። በቀይ የእሳተ ገሞራ አፈር ላይ በባዶ እግሩ የሚሄደውን ገበሬ የሚያጠቃ ነው። ምክንያቱ የወባ ትንኝም ትልም ሳይሆን አፈሩ መሆኑን እንግሊዛዊው ዶክተር ኤርነስት ፕራይስ በአገራችን ሆነው በትዕግሥት አሳዩ። ነገር ግን በአንድ አፈር ከሚሄዱት መካከል አንዱ ታሞ ሌላው የሚተርፈው ለምንድን ነው? ይህ መልስ በጫማ አይገኝም፥ በዘር ጥናት እንጂ። በ2012 የታተመው፥ ኢትዮጵያዊው ፋሲል ተኮላ አየለ ከባልደረቦቻቸው ጋር የሠሩት ጥናት ከሰውነት መከላከያ ጋር የተያያዘ የዘር ልዩነት መኖሩን አሳየ። በ2018 ደግሞ በምሥራቅ ጎጃም በ696 ሰዎች ላይ የተደረገው ሙከራ፥ እግርን ታጥቦ መቀባት፥ መጠቅለልና ጫማ ማድረግ የሚያሠቃየውን ትኩሳትና እብጠት እንደሚቀንስ አረጋገጠ። ጂን የሚያነብብም እግር የሚያጥብም አስፈልጓል። ስለዚህ ሁሉም አንድ ዓይነት ይሁን አንልም። ጂን የሚያነበው ሰው እግሩን አንድ ቀን ይየው ነው የምንለው። ሁለቱ ጓደኞቻችን በዚህ ግማሽ በግማሽ ተስማምተዋል፤ ስድስቱ ወር ወደ ሦስት ይውረድ ይላሉ። ለድምፅ ሲቀርብ ሐሳባቸው እንደ ማሻሻያ ይመዝገብላቸው።

ሦስተኛው፥ ከተመረቁ በኋላ የት ይሠራሉ የሚለው ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያዎቹን የዶክትሬት ፕሮግራሞች የከፈተው በ1987 ነው፤ ከዚያ በፊት ዶክትሬት ማለት አውሮፕላን ማለት ነበር። የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ከ1970 ጀምሮ በሥጋ ደዌና በነቀርሳ ላይ ተመራማሪ ሲያፈራ፥ ከነሱ መካከል በኖርዌይና በስዊድን ዩኒቨርሲቲዎች ስም የተመረቁ አሉ። ዛሬ ይህ ተቋም አለ፥ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት አለ፥ በዩኒቨርሲቲው ጤና ሳይንስ ኮሌጅ የመድኃኒት ልማትና የሕክምና ሙከራ ማዕከል ተቋቁሞ በዚሁ ሙያ ያሠለጥናል። በቂ ነው አንልም። አብዛኛው ተመራቂ የሚጠብቀው በሳምንት ብዙ ሰዓት የማስተማር ሥራ ነው፤ ምርምሩ የሌሊት ሥራ ይሆናል፤ የቻለውም ሻንጣውን ያነሣል። ይህን የስድስት ወር ምደባ አይፈታውም። ነገር ግን ከሆስፒታሉ፥ ከመድኃኒት ፋብሪካው፥ ከባለሥልጣኑ መሥሪያ ቤት ጋር አስቀድሞ የተዋወቀ ሰው የሚያንኳኳው በር ከአንድ በላይ ነው።

ክቡር መምህራችን ስለ ተላላኪነት ላነሡት ነገር፥ በአክብሮት እንዲህ እንላለን። የዓድዋዋ ልብስ አጣቢ፥ የጎጃሙ መዝጋቢ፥ የቅዱስ ጴጥሮሱ የልብ ምት ለኪ ከእኛ በፊት ተልከው ነበር። እኛ ገና አልተላክንም።

የውሳኔ ሐሳቡ በማኅበሩ ጸሐፊ እጅ ይገኛል፤ በሚቀጥለው ስብሰባ ለድምፅ ይቀርባል። መምህራን ድምፅ ባይሰጡም ተቃውሟቸውን በጽሑፍ ቢሰጡን በዚሁ ጋዜጣ እንዲወጣ እንጠይቃለን። በመጨረሻም አንድ ማስታወቂያ። ቅዳሜ ጠዋት በ1 ሰዓት ከስድስት ኪሎ ተነሥተን ወደ እንጦጦ እንወጣለን፤ በመጠይቃችን ላይ የጨመርነውን የሰዓት ጥያቄ አስቀድመን ልናሳያቸው ነው። ዳገት የማይፈራ ይምጣ። ወረቀቱን በትልልቅ ፊደል አሳትመነዋል፤ እማሆይ በባለፈው ጊዜ ፊደሉ ደቆብኛል ብለው ወቅሰውናልና።